ለጡረተኞቹ ሁዲ የመረጠው ሰው

አንድ ዕቃ ርካሽ ነው ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው ዕቃውን አይደለም፤ ያመጣውን ሰው ነው። ጫማውን አያለሁ፣ ዓይኑን አያለሁ፣ ስልኩ ሲጮኽ ወዴት ዞር እንደሚል አያለሁ። ይህን ጠባይ ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁ አይመስለኝም፤ ሥራው ነው ያስተማረኝ። ልብስ ላይ የሚያትም ሰው ስሙን የሚያስቀምጠው ሌላ ሰው በሸመነው ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁ ቢከዳ የሚሰደበው ሸማኔው ሳይሆን አታሚው ነው። የሰፈሩ ሰው "መርማሪዋ" ይለኛል። ይበለኛ! በየቤቱ አንድ አንድ መርማሪ ቢኖር ስንቱ ከስንት ጉድ በዳነ ነበር።

ሱቃችን አንድ ክፍል ናት። ግድግዳውን ተከትሎ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀለም የሚወርድባቸው ባለ ወንፊት ፍሬሞች፣ ከኋላ ቀለሙን የሚያደርቀው ምድጃ፣ በሩ አጠገብ ደንበኛ የሚቀመጥባት አንድ እግሯ የሚነቃነቅ ወንበር። የምንሠራው ሁለት ነን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ። እኔ እገዛለሁ፣ እዋዋላለሁ፣ እቆጣለሁ። እሱ ያትማል። እጁ ወርቅ ነው። ይህን ለሌላ ሰው ስናገር አላፍርም፣ ለራሱ ግን ነግሬው አላውቅም። እናታችን ስትሞት ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ወንድሜን ግዢ የከለከልኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ እሱ ሄዶ ቀይ ሁዲ፣ ያን ባለ ኮፍያ ሹራብ፣ ገዛ፤ ምንም ያልተጻፈበት፣ ዋጋው አፍ የሚያስከፍት። አንገቱ ላይ "መቶ በመቶ ጥጥ" ይላል። ነጭ ጽሑፍ አተምንበት። በሦስተኛው ቀን ደንበኛው እየጮኸ መጣ፤ ነጩ ጽሑፍ ሮዝ ሆኗል። ጥጥ የተባለው ለካ ፖሊስተር ኖሯል። ፖሊስተር ደግሞ ምድጃ ውስጥ ሲሞቅ የራሱን ቀለም ይተፋል፤ የተፋውን ላዩ ላይ ያለው ነጭ ይጠጣዋል። ነጋዴው ስልኩን ዘጋ፣ እኛ ሁሉንም እንደገና ሠራን። ይህን ነገር በወንድሜ ላይ አንድም ቀን አንስቼበት አላውቅም። አንድም ቀን ግን አልረሳሁትም፤ እሱም አለመርሳቴን ያውቃል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከዚያ ወዲህ ለግዢ የምሄደው ራሴ ነኝ፤ ከኪሴም ላይተር አይጠፋም። ከጨርቁ ጥቂት ቆርጬ አቃጥላለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነኩት ብን የሚል አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል፣ በመጨረሻም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ነጋዴ ይዋሻል፣ የአንገት ምልክት ይዋሻል፣ እሳት ግን አይዋሽም እል ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው የጡረተኞች የእግር ጉዞ ማኅበር ሊቀመንበር የመጡት። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ዘጠና ሁዲ ይፈልጋሉ፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከጀርባው በነጭ "ቀስ ብለን እንደርሳለን" የሚል። ወፍራም ይሁን፣ ይሙቅ፣ ሲታጠብ አይሰብሰብ አሉ። "ዋጋውን ደግሞ እንደ ዕድሜያችን አታብዢው ልጄ" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ጫማቸውንም አየሁ። ደህና ተጠርጓል።

እሳቸው እንደወጡ ወንድሜ ፍሬሙን አስቀመጠና እጁን ጠራረገ። የሚናገረው ነገር ሲከብደው እንዲህ ያደርጋል።

"እትዬ፣ ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ የልብስ ማተሚያ ፋብሪካ ና እያለኝ ነው። እስከ ዓርብ መልስ ይጠብቃሉ።"

"ታዲያ?"

"መሄድ አልፈልግም። ግን ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እንደ ሌባ እየታየሁ መሥራት ሰለቸኝ። ይሄን ሁዲ እኔ ልምረጠው፤ ብቻዬን። አትፈትሺ፣ አትከተይኝ፣ ላይተርሽንም አታውጪ። አምነሽኝ ከተቀበልሽ እቀራለሁ። ካልሆነ እሺ ብያቸው እሄዳለሁ።"

ደነገጥኩ። ያለ እሱ ይህ ሱቅ ምኔ ነው? አራት ግድግዳና የቀለም ሽታ። "እሺ" አልኩት።

"ማይልኝ።"

"ወንድሜ ይሙት!"

"ኧረ አንቺ ሴት፣ በኔ ነው የምትምይው? በይ እንዳልሞት ቃልሽን ጠብቂ" ብሎ ሳቀ።

ማክሰኞ ዕለት ሦስት ናሙና ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። የመጀመሪያውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየኝ፤ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ያልፍበታል። ሁለተኛው ወፈር ይላል፣ ነገር ግን ውስጡ ያለው ፀጉር ይረግፋል፤ ሸሚዙ ላይ አሸት ቢያደርገው ድመት የተኛችበት አስመሰለው። ሦስተኛው ሌላ ነገር ነው። ከባድ፣ ለስላሳ፣ ኮፍያው ድርብ፣ የእጅጌው ጫፍ ተስቦ ሲለቀቅ ቦታው የሚመለስ፣ ከፊት ባለ ዚፕ። ዋጋውን ሲነግረኝ ከሳሳው እንኳ ይረክሳል።

"ይቺ ናት" አለኝ።

ምላሴን ነከስኩ። ዚፕ ያለው ከሌለው ይወደዳል እንጂ ይረክሳል እንዴ? "ዚፑ ለምን አስፈለገ?" ብቻ አልኩት።

"መምህሩ ካፖርታቸውን ሲያወልቁ አላየሻቸውም? ክንዳቸው ከትከሻቸው በላይ አይወጣም። በራስ የሚጠለቅ ብንሰጣቸው ማን ያለብሳቸዋል?"

እኔ አላየሁም። እኔ ጫማቸውን ነበር የማየው።

ሁዲውን ገልበጥ አድርጌ አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት ፈለግኩ። በመቀስ ተቆርጧል፤ ስፌቱ ሥር ጫፉ ብቻ ቀርቷል። "ምልክቱስ?" አልኩ፣ ድምፄን አለስልሼ።

"ረጅም ታሪክ አለው። ደግሞ እንዳታቆሽሺው አደራ፤ ባለመጋዘኑ የሰጠኝ አንድ ናሙና ብቻ ነው፣ እንዳለ ነው የምመልሰው።"

ረጅም ታሪክ! በዕድሜዬ ረጅም ታሪክ ካለው ርካሽ ዕቃ ደህና ነገር ሲወጣ አላየሁም። ያን ቀን አላስችል አለኝ። ወንድሜ ስልኩ ሲጮኽ ደጅ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል። ሲመለስ "ማን ነው?" ብለው "ማንም" ይላል። ከዚያ ደግሞ ቅዳሜዎቹ ትዝ አሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት የለም፤ ማታ ሲመጣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር የማሽን ዘይት አለ። እኛ ዘይት የሚጠጣ ማሽን የለንም።

ረቡዕ ጠዋት ቃሌን ሸረፍኩት። ፈጽሞ አልሰበርኩትም፤ ሸረፍኩት ነው የምለው። ድምፄን አቅጥኜ ለባለመጋዘኑ ደወልኩና እንደ ሌላ ገዢ ሆኜ የዚያን ሁዲ ዋጋ ጠየቅኩት። የነገረኝ ዋጋ ለወንድሜ ከነገረው በጣም ይበልጣል። ዘጠና እወስዳለሁ ብለው እንኳ ንቅንቅ አላለም። ስልኩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ። ለሰው ሁሉ ውድ ሆኖ ለወንድሜ ብቻ የሚረክስ ዕቃ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? የተሰረቀ? ከደህናው መሃል የተጣለ? ወይስ ሌላ ጨርቅ ሊያመጡልን በዚህ ናሙና ሊሸነግሉን? ሰው አንዴ መጠራጠር ከጀመረ መልስ ብሎ ያገኘው ሁሉ ሌላ ጥያቄ ይወልድለታል።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ወንድሜ ወጣ። በሩን ገርበብ አደረግኩና ላይተሩን አወጣሁ። ቃሌን ረስቼው አይደለም፤ ወንድሜ ይሙት ያልኩት ቃል በጆሮዬ ይጮኻል። እጄ ግን አልሰማም። ከጨርቁ እንዳልቆርጥ ሹራብ ነገር ነው፣ ይተረተራል፤ ናሙናው ተበላሽቶ ቢመለስ ይነቃብኛል። ስለዚህ ኪሱን ገለበጥኩና ከውስጥ ስፌቱ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ክር አግኝቼ በጥስ አደረግኳት። እሳቱን አስጠጋሁ። ክሯ ተኮማተረች፣ ቀለጠች፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተች። ጣቴ ላይ የቀረችው ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ናት።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። የገዛ ወንድሜ አታሎኛል ብዬ ደስ አለኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ የጠረጠርኩት ልክ ነበር ማለት ነው። አሁን ሳስበው ራሴን እታዘበዋለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ፍሬዋን መዳፌ ላይ እያንከባለልኩ አያት ነበር።

በሩ ተከፈተ። ወንድሜ መምህሩን ክንዳቸውን ደግፎ ገባ፤ ቀለሙን ሊያዩ ሲመጡ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ነው። ደንበኛ ፊት ነው፣ ቆይ ልታገሥ አላልኩም።

"ይቺን ታውቃታለህ?" ብዬ ጥቁሯን ፍሬ መዳፌ ላይ አሳየሁት።

አያት። ፊቱ ልክ እንደ አመድ ሆነ። "ፈተሽሽው" አለኝ።

"ደግ አደረግኩ! ባልፈትሽማ እኚህ ሰውዬ ነጭ ብለው አዘው አረንጓዴ ጽሑፍ ተሸክመው ሊዞሩ ነበር።"

"ከየት ነው የመዘዝሽው?"

"ከየትም ልምዘዘው! አሁን ጠያቂው አንተ ሆንክ? ይልቅ እኔ ልጠይቅህ፤ ባለመጋዘኑ ስንት ሰጠህ?"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። እኔ ወለምታ መሆኑንም አላወቅኩም፤ የልቤን ያወጣሁ መስሎኝ ቀና ብዬ ቆሜ ነበር። ወንድሜ መምህሩን ወንበሯ ላይ አስቀመጣቸው። ሽርጡን ፈታ፣ አራት አጠፈው፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠው። "ነገ ዓርብ ነው" አለና ወጣ።

 "ልጄ፣ አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር አርሜያለሁ" አሉኝ መምህሩ። "መልሱ ስህተት ሆኖ ሳገኘው ተማሪውን ከመቅጣቴ በፊት አሠራሩን አይ ነበር። ልጁ ከየት መዘዝሽው ነው ያለሽ፤ መልሽለት።" ይህን ብለው ተነሡ። እኔ ደግሞ በሽማግሌ ምክር ተናደድኩ፤ ጨርቅና ቁጥር ምን አገናኛቸው አልኩ።

ንዴቴን የሚጋራኝ ሰው አማረኝና ሁዲውንም ፍሬዋንም ይዤ ጎረቤት ወዳለችው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። አተኩራ ካየችልኝ በኋላ "ከየት ያመጣሻት ናት?" አለችኝ። ሁለተኛ ሰው ይህንኑ ሲጠይቀኝ ኪሱን ገልብጬ አሳየኋት።

"ከኪሱ ስፌት።"

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች። "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ የመስፊያ ክር ነው! የመስፊያ ክር ድሮም ፖሊስተር ነው። በጥጥ ክር ብሰፋ በማሽኑ ፍጥነት ሲበጣጠስብኝ ይውላል። የፈለግሽውን ልብስ አምጪ፣ የሙሽራም ይሁን፣ ስፌቱን ስታቃጥዪው ይቀልጣል።" ከራሷ ማሽን ላይ ክር በጠሰችና አቃጠለችው። ያችው ፍሬ፣ ያው ሽታ። ከዚያ የሁዲውን ዚፕ ገልብጣ ከስፌቱ ወዲያ የተረፈች ጥፍር የምታህል ጨርቅ በመቀስ ቆንጠር አደረገች። "ምንም አይጎዳውም፣ ይሄ ትርፍ ነው" አለች። ነደደች። ወረቀት ወረቀት ሸተተች። ጣቷ ላይ እፍ ስትል አመዱ ብን ብሎ ጠፋ።

"ጥጥ ነው። ያውም ደህና ጥጥ" አለችኝ።

 ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈትሽ የኖርኩት ከጨርቁ ነው። ዛሬ ብቻ፣ ስፈትሽ እንዳልያዝ ብዬ፣ ከስፌቱ መዘዝኩ። እሱ ደግሞ ገና ፍሬዋን ሲያያት ገብቶታል፤ ጠየቀኝም። አንዲት ቃል፣ "ከኪሱ" ብለው ኖሮ ሁሉም እዚያው ያበቃ ነበር።

ወንድሜ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ሲመሽ ነው፤ በሩ ክፍት ነበር፣ አልጋው ላይ ሻንጣ ተከፍቶ ሸሚዝ እያጠፈ ደረስኩበት።

"ጥጥ ነው" አልኩት ገና ከደጁ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ።

"አውቃለሁ።"

"ከስፌቱ ነው የመዘዝኩት።"

"እሱንም ገምቻለሁ። ግቢ፣ ተቀመጪ።" ተቀመጥኩ። እሱም ሸሚዙን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ሌሎቹም ነገሮች እንደሚያንገበግቡሽ አውቃለሁ። ሁዲዎቹን ያዘዘ አንድ ድርጅት ነበር፣ ኋላ አልፈልግም አለ። ባለመጋዘኑ ለሌላ መሸጥ የሚችለው የድርጅቱን ምልክት ከአንገቱ ላይ ቆርጦ ነው፤ ውላቸው ነው። ዋጋው ደግሞ ለኔ የረከሰው የሰውየው የማተሚያ ማሽን ተበላሽቶ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ስለጠገንኩለት ነው። ክፍያ አልፈልግም፣ ለእህቴ ሱቅ ዋጋ ቀንስ አልኩት። ልነግርሽ ነበር፤ ግን ማሽኑን ልትፈትሺ ትመጪያለሽ ብዬ ፈራሁ።" ፈገግ አለ። "ደግሞ በድንገት ላስደስትሽ ፈልጌ ነበር።"

እንባዬ መጣ። ይቅርታ አድርግልኝ ልለው፣ እግሩ ላይ ልወድቅ፣ አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ስልኩስ? ያ ደጅ እየወጣህ የምታወራው ከማን ጋር ነበር?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ምን እንዳልኩ የሰማሁት የእሱን ፊት ካየሁ በኋላ ነው።

"ከፋብሪካው ሰዎች ጋር" አለኝ ቀስ ብሎ። "አልመጣም ባልኳቸው ቁጥር ደመወዝ እየጨመሩ ይደውላሉ። አንቺ ከሰማሽ ልሄድ ነው ብለሽ ትጨነቂያለሽ ብዬ ነበር የምወጣው። አየሽ እትዬ፣ ይቅርታ ልትጠይቂኝ መጥተሽ እንኳ ትመረምሪኛለሽ።"

"አትሂድብኝ" አልኩት። "በቃ አይለምደኝም።"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያ ጨርቅ ባይመሰክርልኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ ትመጪ ነበር?"

አዎ ማለት እችል ነበር። መማልም እችል ነበር፤ መማል ለኔ ምኔ ነው? ግን ያሳደግኩት ልጅ ነው፣ ዓይኑን እያየሁ አልሆነልኝም። "አልመጣም ነበር" አልኩት።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በወደድኩ። "ከሰዓት ደውዬ እሺ ብያቸዋለሁ" አለኝ። ጉንጬን ሳመኝና ሻንጣውን መዝጋት ጀመረ። ሁዲዎቹ ቅዳሜ እንደሚደርሱልኝ፣ የምድጃውን ሙቀት እንዳላበዛው፣ ነጩን ቀለም ሁለት ጊዜ እንዳሳልፈው እየዘጋ ነገረኝ። ሁሉንም ሰማሁት። በማግሥቱ ሄደ።

ዘጠናውን ብቻዬን አተምኩ፤ እሱ በሁለት ቀን የሚጨርሰው በእኔ እጅ ስምንት ቀን ፈጀ። የማስረከቢያው ቀን ጡረተኞቹ ተሰብስበው መጡ። ሱቁ ሞልቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰለፉ። እየለበሱ፣ እየተገላበጡ እየተያዩ፣ እንደ ተማሪ እየተጓተቱ ይስቃሉ። መምህሩ የራሳቸውን ለብሰው ዚፑን እስከ አገጫቸው ሳቡና ጨርቁን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉ።

"ደህና ዕቃ ነው። ይህን የመረጠው ያ ልጅ ነው?"

"አዎ መምህር፣ እሱ ነው።"

"የታለ ታዲያ? ጥሪልኝ፣ ልመርቀው።"

ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ ብላቸው ውሸት አይደለም። ያን ሊል አፌ ተዘጋጅቶም ነበር። ነገር ግን ወንድሜን ሌባ ያልኩት እኚህ ሰው ፊት ነው።

"የለም" አልኳቸው። "እኔ ነኝ ያባረርኩት።"

 መምህሩ ወደኔ ጠጋ አሉ፤ ሰው እንዳይሰማ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉልኝ።

"ያን ዕለት የጠየቅሽው ነገር... ምን አጥፍቶ ተገኘ?"

እኔ ግን ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። ውጭ የቆሙትም እንዲሰሙ ፈለግኩ።

"ምንም" አልኩ። "ወንድሜ ምንም አላጠፋም።"